«በጣም» ማብዛት የሴት ነው ወይስ የወጣት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ! አያቴ ደስ ሲላቸው «እጅግ ደስ አለኝ» ነው የሚሉት፣ አባቴ «በጣም»ን ራሷን ከስንት አንዴ ነው የሚያወጣት፣ ታናሽ እህቴ ደሞ «ከምር በጣምምም ነው ደስ ያለኝ» ብላ ነው ቴክስት የምታደርገው። ሰው ግን ሁሌ «ሴቶች ማጋነን ትወዳላችሁ» ይላል፣ ይሄ ነገር እንደ ሴት በጣም ይከነክነኛል። እውነት የፆታ ነው ወይስ የእድሜ? ለአንድ ኮርስ ትንሽ ጥናት ልሰራበት አስቤያለሁ።

መልስ 1፦
አባባሉ የቆየ ነው። የዴንማርኩ የቋንቋ ሊቅ የስፐርሰን በ1922 ባወጣው መጽሐፍ ሴቶች ማጋነን እንደሚወዱ ጽፏል፣ የሰው ንግግር ቀድቶ ቆጥሮ ግን አልነበረም። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ኢቶና ታግሊያሞንቴ የእንግሊዟን የዮርክ ከተማ ንግግር አጥንተው በ2003 ሲያወጡ ጎልቶ የታየው እድሜ ነው፣ «በጣም» ለማለት ትልልቆቹ «ቬሪ»፣ ወጣቶቹ «ሪሊ» ይላሉ። ምክንያቱም እነዚህ ቃላት ቶሎ ያረጃሉ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ሲላቸው ጉልበታቸው ያልቅና ወጣቱ ሌላ ያመጣል። «ክፉኛ»ን አሁን ከወጣት አፍ ስንቴ ትሰሚያለሽ?

መልስ 2፦
እድሜው ልክ ነው ግን ፆታውን እንዲህ በቀላሉ አንለፈው። ታግሊያሞንቴ ራሷ ከሮበርትስ ጋር ሆና በ2005 ፍሬንድስ የሚባለውን ተከታታይ ድራማ አጥንታ ያው «በጣም» ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ «ሶ» ሴቶቹ ገጸ ባህርያት ከወንዶቹ በልጠው እንደሚጠቀሙበት አግኝታለች፣ በርግጥ ድራማ የተጻፈ ንግግር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግን እኛ ወንዶች ቀኑን ሙሉ «ገዳይ ነው»፣ «ቀውጢ ነው»፣ «አይጣል ነው» ስንል እንውላለን፣ እሱን ማንም ማጋነን አይለውም፣ ሴት ልጅ ሁለቴ «በጣም» ካለች ግን አጋነነች ይባላል። ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ማጋነን የተባለው የሴቶቹ ቃል ብቻ ከሆነ ውጤቱ ያው የታወቀ ነው።

መልስ 3፦
ስለዚህ አቆጣጠሩን አስተካክይ። «በጣም» የተባለበትን ብቻ አትቁጠሪ፣ ሊባል ሲችል ያልተባለበትንም ያዢ፣ «ቆንጆ ናት» እና «በጣም ቆንጆ ናት» ሁለቱም ይቆጠራሉ። አለዚያ ብዙ ያወራ ሰው ብዙ ያጋነነ ይመስልሻል። ሌላው፣ በአማርኛ ማጠናከሪያው (ነገሩን የሚያጎላው ቃል) ሁሌ እንደ «በጣም» ለብቻው አይቆምም፣ «ድቅድቅ ጨለማ»፣ «ጥርት ያለ ሰማይ»፣ «ጭልጥ ያለ እንቅልፍ» እያልን ነው የምናወራው፣ አያትሽ ጋ ማጠናከሪያው እዚህ ተደብቆ ይሆናል። ማን ለማን እንደሚያወራም መዝግቢ፣ አባትሽ ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

እና እህትሽ ስታድግ ትተወዋለች ወይስ ይዛው ታረጃለች የሚለውን የአንድ ጊዜ ቅጂ አይነግርሽም፣ ከተቻለ የድሮ ቃለ መጠይቅ ፈልጊና አወዳድሪ። ስትቀጂ አስፈቅጂ፣ ስለ አነጋገር ጥናት እንደሆነም ንገሪያቸው፣ የምትቆጥሪውን ቃል ግን እስኪጨርሱ አትንገሪያቸው፣ ካወቁት ይጠነቀቃሉ።