«ከየትኛው ጭን ነህ?»

ሹፌሩ፦ ሰላም ቤቶች። ሳዑዲ፣ ሐኢል ነው የምሠራው። አሠሪዬ የሸመር ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ። ትናንት መንገድ ላይ ዘራቸውን ሲቆጥሩልኝ ቆዩና «አንተስ ፈኽዝህ ማን ነው?» አሉኝ። ፈኽዝ መቼም ጭን ነው። ለባለቤቴ በስልክ «ከየትኛው ጭን ነህ አሉኝ» ብላት ሳቋን ማቆም አቃታት። በአማርኛ ምን ልበላት? ጎሳ? ነገድ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ጭን የተባለው በከንቱ አይደለም። የዐረብ የዘር ሐረግ አዋቂዎች ነገድን እንደ ሰው አካል ከላይ ወደ ታች ይከፍሉታል። ቀቢላን፣ ማለትም ትልቁን ነገድ፣ ከራስ ቅል አጥንቶች ጋር ያያይዙታል። በጥን ሆድ ነው፣ ፈኽዝ ጭን። ሸመር ቀቢላው ነው። ዐብዳ፣ አስለምና ዞበዕ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች ናቸው። ጭን ከእነሱ በታች ይመጣል። እኛስ «የአብራኬ ክፋይ» እንል የለ? ብርክ ጉልበት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አብራክን ከጭን አታደባልቅ ወንድሜ። ዘፍጥረት 24 ላይ አብርሃም ሎሌውን «እጅህን ከጭኔ በታች አድርግ» ያለው ሊያስምለው ነው። ይልቅ «ነገድ» በለው፣ ነገደ ይሁዳ እንደምንለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ነገድማ ሸመር ራሱ ነው! ጭኑን ነገድ ካልከው ሙሉ ሰውየውን ምን ልትለው ነው?

ቆሎ ተማሪ፦ ነገድ ካነሣችሁ አይቀር፣ ነገደ በግእዝ ተጓዘም ነው። ነጋዴም እንግዳም የዚያው ሥር ናቸው። እኔ ነገድ ማለት አብሮ ተጓዥ ነው ባይ ነኝ። ሸመርን እዩት፤ ከፊሉ ሐኢል አካባቢ ካሉት ከአጃእና ከሰልማ ተራሮች ተነሥቶ ኢራቅና ሶርያ ድረስ ዘልቋል። ዘሩን ደግሞ ከጠይ፣ ከጥንቱ የዐረብ ነገድ፣ ይቆጥራል። እንግዳ በመቀበል መተረቻ የሆነው ሐቲምም የጠይ ሰው ነው። ነገድ፣ እንግዳ፣ ሐቲም። ይኸው ገጠመ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ገጠመ ሳይሆን ገጠምከው።

ባለሱቁ፦ ሸመር ከ«ሠመረ» አይመጣም እንዴ?

ፊደል ቆጣሪ፦ አይመጣም። በዐረብኛ ሸመረ ማለት ለሥራ እጅጌን መሰብሰብ ነው። የነገዱ ስም ከዚያ ነው ብዬ ግን አልምልም። ስሙ ራሱ የቆየ ነው፤ በ328 እ.ኤ.አ. ሶርያ ውስጥ ነማራ ላይ የተቀረጸ የመቃብር ጽሑፍ ነጅራንን «የሸመር ከተማ» ይላታል። እዚያ ግን ሸመር የሒምያር፣ የጥንቱ የየመን መንግሥት፣ ንጉሥ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ዋናውን ዘለላችሁ። ጠይን ወደ ቀሕጣን፣ የደቡብ ዐረቦች አባት ወደሚባለው፣ ያወጡታል። ቀሕጣን ደግሞ የእኛው ዮቅጣን ነው፣ የዔቦር ልጅ፣ የሳባ አባት። ዘፍጥረት 10ን ግለጡ።

ቆሎ ተማሪ፦ መምህር፣ ዮቅጣን ውስጥ ሐ የለችም። ቀሕጣን ላይ ሐመሩን ሐ ማን አሳፈራት?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ሰባት ዓመት ቅኔ ስቆጥር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

ቆሎ ተማሪ፦ አልመለሱልኝም እኮ።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ ማታ ስደውልላት ምን ልበላት? «ቤት» ይሆናል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ቆይ አንተ፣ መጀመሪያ የሐን ነገር እንጨርስ።