ታናሽ ወንድሜ ሊፈርም ነው፣ ውሉ ላይ ምን እንይ?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፣ መሀል ተከላካይ። ደቡብ ያለ አንድ የከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው) ክለብ የአንድ ዓመት ውል አቅርቦለታል። አባባ «ትምህርቱን ይጨርስ» ይላሉ። እሱ ግን ሻንጣውን ሸክፎ ተቀምጧል። ኳስ ውስጥ የቆየ ሰው ካለ ይምከረን። ከክለብ ክለብ እየዞሩ መኖር ይቻላል?

ሸዋበር 5 ቁጥር፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ ከደሴ ወጥቼ በ11 ዓመት 7 ክለብ ዞሬያለሁ። ፕሪሚየር ሊግ የተጫወትኩት አንድ ዓመት ነው፣ እሱንም ግማሹን ተጠባባቂ ወንበር ላይ። መኖሩስ ይቻላል። በየክረምቱ ስልክ መጠበቅ ከቻለ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ኳሱ ራሱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስ ቶሎ አይወርድም። ሆጤ ሜዳ ላይ ወደኋላ እየሸሸሁ መጠበቅ ለመድኩ። ድሬዳዋ ስንወርድ፣ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ኳሱ ፊቴ ዱብ አለ። እኔ ስሸሽ አጥቂው በደረቱ አብርዶ አገባ። አሰልጣኙ «አንተ ልጅ፣ ከማን ነው የምትሸሸው?» አለኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ስለምትል ወንድምሽ ትንሽ ይሻለዋል።

ወደ ውሉ ልምጣ። የመጀመሪያዬን የፈረምኩት ሆቴል በረንዳ ላይ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። ቅጂው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያስፈረመኝ ሰውዬ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በኋላ የ4 ወር ደመወዝ ሳይከፈለኝ ሲቀር ምን ይዤ ልክሰስ? እናቴ በሹፌር እጅ በምትልክልኝ በሶና ጭኮ ነው የከረምኩት፣ ወላሂ።

ቅጂውን ሳይዝ ከቢሮ እንዳይወጣ። ፌዴሬሽን መመዝገቡንም ያጣራ። ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃልማ «አለንልህ» ይሉታል። እኔ ጉልበቴን መጋቢት ላይ ተጎዳሁ። ውሌ ሰኔ 30 አለቀ፣ ሕክምናውም አብሮ አለቀ።

የወልድያው ደጋፊ፦
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ ካስጠነቀቀ በኋላ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ዝም ብሎ ካምፑን ጥሎ ከመጣ ግን ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ነው። ደብዳቤውን ሲሰጥ መቀበላቸውን ያስፈርም።

የኮምቦልቻዋ፦
ለአባባ አነበብኩላቸው። በሶው ጋ ሲደርሱ ሳቁ። «ቅጂውን ካሳየኝ ይሂድ» ብለዋል። ለመሆኑ አንተ አሁን ምን ትሠራለህ?

ሸዋበር 5 ቁጥር፦
ባጃጅ አለችኝ፣ ከፒያሳ ሸዋበር። ጉልበቴ ፍሬን ላይ ሲሆን አሁንም ያስታውሰኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሆጤ ልጆች አሠራለሁ። ከመሄዱ በፊት የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይምጣ፣ የጭንቅላት ኳስ ላሠራው። ጫማውን እንዳይረሳ።