ፍላሽ በቀትር ፀሐይ ለምን? በቤተ ክርስቲያንስ ለምን አይሆንም?

ጥያቄ (ጀማሪው)፦
የአክስቴ ልጅ በመጪው ጥር ትሞሸራለች፤ ፎቶውን እንዳነሣ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። ተክሊሉ ማለዳ በቤተ ክርስቲያን፣ የመናፈሻው ፎቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ የምሽቱ ዝግጅት ደግሞ በአዳራሽ ነው። አንድ የሙያው ሰው «መናፈሻ ስትሄድ ፍላሽህን እንዳትረሳ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አታውጣው» ብሎኛል። ፍላሽ ለጨለማ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነብኝ። ያለኝ ከካሜራው ጋር አብሮ የተሠራው ፍላሽና ከላይ የሚሰካ አንድ ስፒድላይት (ተነጣይ ፍላሽ) ነው።

መልስ 1 (ባለ ሌንሱ)፦
ምክሩ ትክክል ነው። በቀትር ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ የዓይን ጉድጓድና ከአገጭ ሥር ያለው ይጨልማል። ሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ ከለበሰች ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ለፊቷ ብለው ብርሃኑን ቢጨምሩ የሸማው ዝርዝር ይጠፋል፣ ለሸማው ብለው ቢቀንሱ ፊቷ ይጠቁራል። ፍላሹ የሚያስፈልገው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነው።

አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚሠሩበት የሻተር ፍጥነት (የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ ስለማያልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ እንኳ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) እስከ ኤፍ 11 ማጥበብ ግድ ይሆናል። ጋይድ ነምበሩ (የፍላሹ ጉልበት መለኪያ፤ ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት በሜትር ይሰጣል) 12 የሆነ አብሮ የተሠራ ፍላሽ በዚህ ጊዜ፣ 12ን ለ11 ቢያካፍሉት፣ ከ1 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ 58 የሆነ ስፒድላይት ግን 5 ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ትንሹን ይርሱት። ስፒድላይቱንም በቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን መጠን የሚወስንበት ስልት) አድርገው በ1 ስቶፕ (በግማሽ) ዝቅ ያድርጉት፤ አለዚያ ፍላሽ መሆኑ ያስታውቃል።

መልስ 2 (ከአዳራሽ)፦
በ1 ስቶፕ መቀነሱ ላይ ግን አልስማማም። ቲቲኤል ፍሬሙን የሞላውን ነጭ ልብስ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ፍላሹን በራሱ ይቀንሳል፤ እኛ ከቀነስንለት ፊቷ እንደጨለመ ይቀራል። ሙሽራዋ ብቻዋን በነጭ ስትቆም ከዜሮ (ሳይቀንሱም ሳይጨምሩም) ይጀምሩና ስክሪኑን አይተው ይወስኑ።

በአዳራሽ ትልቁ ችግር ርቀት ነው። ሙሽሮቹ 2 ሜትር፣ ዘመዶቻቸው 4 ሜትር ላይ ቢሆኑ ዘመዶቹን የሚደርሳቸው ብርሃን ሩቡ ብቻ ነው፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ ሁሉም ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው አይኤስኦውን ወደ 1600 ከፍ፣ ሻተሩን ወደ 1/60 ዝቅ አድርጎ የአዳራሹ መብራት እንዲገባ መፍቀድና የፍላሹን ራስ ወደ ነጭ ጣሪያ ማዞር ነው። ጣሪያው ቀይ ወይም ቢጫ ጨርቅ ከለበሰ ግን (የእኛ ዲኮር ደግሞ ጨርቅ ይወዳል) ቀለሙ ፊት ላይ ስለሚያርፍ ነጭ ግድግዳ ይፈልጉ።

ጀማሪው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጣሪያውም ግድግዳውም የማይሆን ከሆነስ?

መልስ 2 (ከአዳራሽ)፦
ያኔ ፍላሹን ከካሜራው ነጥለው፣ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) አልብሰው፣ ረዳት በክንድ ርቀት ወደ ጎን እንዲይዝልዎ ያድርጉ። ለዚህ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያበራ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

መልስ 3 (ማለዳ)፦
ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማንም አልመለሰም። በተክሊል ጊዜ በየቅጽበቱ የሚበራ ፍላሽ የካህናቱንም የምእመናኑንም ሐሳብ ይበትናል፤ የሻማውን ወርቃማ ብርሃንም ያጠፋዋል። ኤፍ 1.8 የሚከፈት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ይያዙ፣ አይኤስኦ 3200 ላይ ያድርጉት፤ ምስሉ ትንሽ ቢሻክር ማንም አይከፋም። ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድበትን ቦታና ጊዜ ግን ካህናቱን አስቀድመው ይጠይቁ።