የልጄ አስምና ማይክሮ አርኤንኤ፦ ምርመራውን ላሠራላት?

የሊዲያ እናት፣ ኮልፌ
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ አስም አለባት። ክረምት ሲገባ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳሉ ይቀሰቅሳታል፤ ትራስ ደራርቤ አስደግፋትና አብሬያት አነጋለሁ። ሰሞኑን አሜሪካ ያለችው እህቴ «አስም የሚመጣው ከማይክሮ አርኤንኤ ነው፣ በደም ይታያል» የሚል ጽሑፍ ላከችልኝ። ምንድን ነው ነገሩ? እኔም በልጅነቴ አስም ነበረብኝ። ያወረስኳት እኔ ነኝ ማለት ነው?

ቢኒ (ሞለኪውላር ባዮሎጂ ተማሪ)
እናቴ፣ እኔ በሚገባኝ ላስረዳዎት። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው ከዲኤንኤ በተቀዳ መልእክት ነው። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ገደማ ፊደል ያላት አጭር ቁራጭ ስትሆን፣ መልእክቱ ላይ ተለጥፋ የፕሮቲኑን መጠን ትቀንሳለች። የሬዲዮ ድምፅ እንደመቀነስ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ይህን በትንሽ ትል ላይ ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል።

አስም ላይ ደግሞ ማይክሮ አርኤንኤ 21 የምትባለው ኢንተርሉኪን 12ን ትጫናለች፤ ኢንተርሉኪኖች የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንተርሉኪን 12 አለርጂውን የሚገታ ነው፤ ሲያንስ ኢንተርሉኪን 13 ይበረታል፣ አክታ ይበዛል፣ የአየር ቱቦው ይጠባል። ማይክሮ አርኤንኤ 155 የሌላቸው አይጦች ሳንባቸው በአለርጂ ብዙ አይቆጣም። በቤት አቧራ ተባይ አስም የያዛቸው አይጦች ላይም ማይክሮ አርኤንኤ 126ን ሲያግዱ ቁጣው በርዷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አይጥ ላይ ነው። ጭስና ቫይረስም የነዚህን መጠን ስለሚለዋውጡ፣ «መንስኤው እሷ ናት» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ውርስን በተመለከተ አስም በቤተሰብ ይሄዳል፤ ግን ብዙ ጂኖችና አካባቢ ተደማምረው ነው። እባክዎ ራስዎን አይውቀሱ።

ሲስተር ሀ. (የሕፃናት ክፍል ነርስ)
እህቴ፣ ለሕክምና ተብሎ አስም በማይክሮ አርኤንኤ አይመረመርም። ተለክቶ ቢመጣ እንኳ የልጅሽን መድኃኒት አይቀይረውም፣ ስለዚህ ገንዘብሽን አታውጪበት። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የምትወስደው ሰማያዊውን ፓፍ ብቻ ነው?

የሊዲያ እናት፣ ኮልፌ
አዎ፣ ሰማያዊው ብቻ። ስጫነውም ግማሹ ምላሷ ላይ ይቀራል።

ሲስተር ሀ.
ያው ነው ችግሩ። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ የጠበበውን ቱቦ ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ቁጣውን አያጠፋም። ሌሊት የምትነቃ ልጅ አስሟ በቁጥጥር ሥር አይደለም። ሐኪሟን ቁጣውን ስለሚያበርደው መከላከያ ፓፍ፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ስላለው፣ ጠይቂ። የሚወሰደው ደህና ስትሆንም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት በየቀኑ ነው፤ ከሳበች በኋላ አፏን ትጉመጥመጥ። ስትተነፍስ ጎድኗ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

እሙዬ
እናትዬ፣ ምላስ ላይ ለሚቀረው መላ አለው። እኔ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባውን ባዶ ዕቃ) መግዛት ሲያቅተኝ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በደንብ አጥቤ፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስቼ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ልጄ የጠርሙሱን አፍ ይይዛል፣ አንዴ እጫናለሁ፣ ቀስ እያለ 5 ወይም 6 ጊዜ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ፓፍ ከዚያ በኋላ ነው። ቡና የማፈላውም አሁን በረንዳ ላይ ነው፤ ከሰሉም እጣኑም ቤት አይገባም።

የሊዲያ እናት፣ ኮልፌ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሃይላንዱን ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። ሰኞ በጠዋት ካርድ አወጣለሁ።