የጋዝ መለኪያው ንጹሕ አየር ላይ ይጮሃል፤ ነገ ጠዋት ሰው ጉድጓድ ሊገባ ነው

የአካባቢ ጤና ተማሪ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሞጆ አካባቢ አንድ ቆዳ ፋብሪካ የክረምት ኢንተርንሺፕ ላይ ነኝ፤ ሴፍቲ ክፍል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሁለት ሠራተኞች የፍሳሽ ጉድጓድ ገብተው ዝቃጭ ሊያወጡ ነው። ጋዝ መለኪያውን ስከፍተው ግን ይጮሃል። ኦክስጅን 18.6 ይላል። ጉድጓዱ ጋ እንኳ አይደለሁም፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የቆምኩት። ሌሎቹ ሦስት ቁጥሮች (የመርዛማና የሚቀጣጠሉ ጋዞች) ዜሮ ናቸው። የሴፍቲ ኃላፊዬ ፈቃድ ላይ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። ፎርማኑ "ተበላሽቷል፤ አጥፊውና ፐርሚቱ (የመግቢያ ፈቃዱ) ላይ ፈርሚልኝ" አለኝ። እንዴት ላስተካክለው?

ቤቢ ቴክ፦
ሙሉ ቻርጅ አድርጊው፣ ከዚያ አጥፍተሽ አብሪው። የእኛም እንዲህ ያደርግ ነበር።

ጠያቂ፦
አድርጌዋለሁ። ያው ነው።

ሕግ ይከበር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታው የአሠሪው ነው። የሥራውን አደጋ ማስረዳት፣ የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ፣ የደህንነት ኃላፊ መመደብ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል። የመሣሪያ ብልሽት ያየ ሠራተኛ ደግሞ ወዲያው ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። እናንተ ተማሪዎች አዋጁን ሳታነቡ ፋብሪካ መግባታችሁ ያሳዝነኛል። ትምህርት ክፍሎችም ኢንተርን ከመላካቸው በፊት ቢያንስ ይህን ማስተማር ነበረባቸው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ አንብቤዋለሁ። አሁን የጨነቀኝ የነገ ጠዋቱ ነው።

መለኪያ ጠጋኙ፦
ዛፍ ሥር መሆንሽ ጥሩ ነው፤ ከጄኔሬተርና ከመኪና ጭስ ራቂ። ሜኑው ውስጥ "ፍሬሽ ኤር" ወይም "ዜሮ" የሚል አለ፤ እሱን ምረጪ። ንጹሕ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 20.9 በመቶ ነው። ሞጆም ሆነ ጅቡቲ መቶኛው አይለወጥም። አንዳንዱ ሴንሰር ግን የአየር ግፊትን ስለሚያነብ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተስተካክሎ ከመጣ እዚህ ከፍታ ላይ አሳንሶ ያሳያል። ካስተካከልሽው በኋላ 20.9 ላይ ከረጋ ችግሩ ያ ነበር። ተመልሶ ከወረደ ሴንሰሩ አልቋል፤ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግሉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሦስቱ ዜሮ ስላሉ ይሠራሉ ማለት አይደለም። የሞተ የኤች ቱ ኤስ (ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ) ሴንሰርም ዜሮ ነው የሚለው። ማረጋገጫው የመፈተሻ ጋዝ ነው። ከመለኪያው ሳጥን አጠገብ ትንሽ ሲሊንደር ካለ ፈልጊ። ብዙውን ጊዜ ኤች ቱ ኤስ 25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 25 እጅ) የሚል ጽሑፍ አለው። የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ጋዙን ለቀሽበት ቁጥሩ ካልወጣ መለኪያው ለነገ አይሆንም።

ሴፍቲ አዳማ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። "መለኪያውን እንዴት ላስተካክል" ስትዪ፣ ከተስተካከለ ልትፈርሚ ነው ማለት ነው? ኢንተርን እንዲህ ያለ ፐርሚት አይፈርምም። መለኪያው አዲስ ቢሆንም አትፈርሚ። ጉድጓድ አፍ ላይ ማን ይቆማል? ትራይፖድ (ሰው ከጉድጓድ የሚያወጣ ባለ ሦስት እግር ማንሻ) እና ሃርነስ (ሰውነት ላይ የሚታሰር ቀበቶ) አለ? ንጹሕ አየር የሚነፋ ብሎወርስ? እነዚህ ከሌሉ መለኪያው ቢሠራም ሰው አይገባም።

ሚኪ፦
ማስክ አድርገው ፈጠን ፈጠን ብለው ይውጡ። 20 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የቆዳ ሰው፦
ሚኪ፣ ወንድሜ፣ ይህን ምክር እባክህ ለማንም አትስጥ። የአቧራ ማስክ ጋዝ አያስቀርም።

ልጄ፣ እኔ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ጸጉር ለማራገፍ ሶዲየም ሰልፋይድና ኖራ እንጠቀማለን። የዚያ ክፍል ፍሳሽ ከአሲዱ ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ኤች ቱ ኤስ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ዝቃጩ ውስጥም ታምቆ ይቆያል፤ በአካፋ ሲቆሰቆስ ነው የሚለቀው። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ ንጹሕ ነው የተባለ ጉድጓድ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። መለኪያውን በገመድ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አውርዳችሁ ለኩ። ሥራው እስኪያልቅም ሠራተኛው ደረት ላይ ይሁን። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ወደ 100 ፒፒኤም ሲጠጋ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ያኔ ሰው "አሁን ተሻለ" ይላል። የሚያስፈራው እሱ ነው።

ሳቂታው፦
ፎርማኑ መጀመሪያ ይውረድ በሏቸው፤ መለኪያው ወዲያው ይጠገናል! ለማንኛውም እኛ ጋ ሰው ማስገባት ቀርቷል። መምጠጫ ቦቴ እንጠራለን፤ ዝቃጩን ከላይ በውኃ ግፊት እያላላን ይመጠዋል።

ጠያቂ፦
ፍሬሽ ኤር አደረግኩት፤ 20.9 ላይ ረጋ። ሲሊንደሩም ተገኘ፤ ግን ቀኑ ዓምና አልፏል። ትራይፖድ የለም፤ ሁለት ሃርነስ ስቶር ውስጥ አለ። ፎርማኑ "ስንት ጊዜ ገብተን ምንም አልሆንንም" ነው የሚለው። እሱን ማስቀየም አልፈልግም፤ የኢንተርንሺፕ ግምገማዬን የሚሞላው እሱ ነው። ምን ልበለው?

ቤቢ ቴክ፦
ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ብትመልሺውስ?

መለኪያ ጠጋኙ፦
ኦክስጅኑ ተስተካክሏል፣ ጎበዝ። ቀኑ ባለፈ ጋዝ ግን አትፈትሺ። ኤች ቱ ኤስ ሲሊንደር ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ ውጤቱ አይታመንም። አዳማ ወይም አዲስ አበባ መለኪያ የሚያስተካክል ድርጅት ወይም ሌላ ፋብሪካ ያለ የሥራ ባልደረባ ካለ መለኪያ ያውሱን ብለሽ ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው።

ሴፍቲ አዳማ፦
ከፎርማኑ ጋር አትከራከሪ። ዛሬ ማታውኑ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ላኪ፣ ለፎርማኑም ግልባጭ ይድረሰው። እንዲህ በይ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለነገ ጠዋት ለተያዘው የፍሳሽ ጉድጓድ ሥራ የጋዝ መለኪያው ኤች ቱ ኤስን በትክክል ማንበቡ አልተረጋገጠም፤ የመፈተሻ ጋዙ ቀን አልፏል። ማውጫ ትራይፖድም የለም። እነዚህ እስኪሟሉ ሥራው እንዲቆይ፣ ወይም በመምጠጫ ቦቴ እንዲሠራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።"

ሳቂታው እየቀለደ ያለው ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ሰው የማይገባበት መንገድ ካለ መለኪያውም ትራይፖዱም አያጣላችሁም።

"ምንም አልሆንንም" ለሚለው፦ ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ዝግ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው ብሏል። አንዱ ሲወድቅ ጓደኛው ዘሎ ይገባል፤ እኛ አገር ደግሞ ማን ቆሞ ያያል? ስለዚህ ምናልባት ሥራው ከቀጠለ አንድ ነገር አስምለሻቸው ሂጂ፦ ማንም ተከትሎ አይገባም። በገመድ ከላይ ይጎተታል።

የቆዳ ሰው፦
ለግምገማው አትጨነቂ፣ ልጄ። ለትምህርት ክፍል አማካሪሽም አሁኑኑ ደውዪ፤ ለብቻሽ መሸከም የለብሽም።

ሰላም ዘ ሐረር፦
እኔም ኢንተርን ነኝ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ። ያን ደብዳቤ ለአቧራው ጉዳይ አስተካክዬ ብጠቀምበት ይቻላል?

ሴፍቲ አዳማ፦
ይቻላል። የመለኪያውን ቁጥርና ያየሽበትን ሰዓት ግን ጨምሪበት።

የቆዳ ሰው፦
ጠያቂዋ፣ ሥራ አስኪያጁ መለሰልሽ? ቦቴ ካጣችሁ ሞጆ ውስጥ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።