ሰፊና ጠፍጣፋ እግር የሚመቸው የብስክሌት ጫማ

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኮርስ ብስክሌት በሳምንት ሦስት ቀን ደሴና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። እግሬ ጠፍጣፋ ነው፤ ቁመቱ 26.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 10.8። ጫማዬ 42 ቁጥር፣ ክሊቱ (ከሶሉ ሥር ታስሮ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ቁራጭ) ባለ ሦስት ቡሎን ነው። ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ፣ ውስጠ እግሬም ያቃጥለኛል። 44 ስሞክር ወርዱ ይበቃኛል፣ ተረከዜ ግን እየወጣ ያስቸግረኛል። ምን ልፈልግ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። 44ቱን ግን ተወው። ቁጥር ሲጨምር ዋናው የሚረዝመው ቁመቱ ነው፤ ተረከዝህ ይንሸራተታል፣ ክሊቱም ከሚገባው ቦታ ወደ ጣትህ ይሸሻል። የሚያስፈልግህ ያው ቁጥር ሆኖ ወርዱ የሰፋ ጫማ ነው። ሺማኖ ለአንዳንድ ሞዴሎቹ «ዋይድ» የሚባል ሰፊ አለው፣ ሌክና ቦንትም ሰፋፊ ይሠራሉ፣ ሲዲ ደግሞ «ሜጋ» ይለዋል።

ልኩን ቆመህ ነው የለካኸው? ጠፍጣፋ እግር ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ተቀምጦ የተለካ ልክ ያታልላል። ማታ፣ እግርህ ሲያብጥ፣ ተረከዝህን ግድግዳ አስነክተህ ወረቀት ላይ ቁም። እርሳሱን ቀጥ አድርገህ ሁለቱንም እግር ዙር። ሱቅ ስትሄድ የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥተህ ቁምበት፤ ሥጋህ ከጠርዙ ካለፈ ያ ጫማ ያንተ አይደለም፣ ሻጩ «ይለቃል» ቢልህም።

መልስ (ከሐይቅ)፦
ጫማ እስክታገኝ ክሊቱን አስተካክል። ዳገት ላይ ፔዳሉ ቀስ ብሎ በጉልበት ስለሚረገጥ ጫናው ሁሉ የእግር ጣቶች ሥር ባሉት አጥንቶች ላይ ይወርዳል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ነርቭ በጠባብ ጫማ ሲጨመቅ ጣት ይደነዝዛል። መጀመሪያ የክሊቱን ዙሪያ በብዕር አስምር። ከዚያ ባለ ስድስት ማዕዘን 4 ሚሊ ቁልፍ ይዘህ ቡሎኖቹን አላላና ክሊቱን ወደ ተረከዝ 2 ሚሊ ሳበው፤ ሁለት ሦስት ቀን ነድተህ ካልበቃ ሌላ 2 ጨምር። ወደ ኋላ በጣም ከሳብከው ኮርቻውን ትንሽ ዝቅ አድርግ። የክሊቱን ቡሎኖች ጥርስ ግሪስ ቀብተህ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ደግመህ ፈትሽ። ብዙዎች ይህችን ይረሳሉ፤ ክሊት ላልቶ ከፔዳል አልላቀቅ ሲል ቁልቁለት ላይ አደገኛ ነው።

መልስ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦
ሁለቱ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ካልሲን ነው። የደሴ ጠዋት ስለሚበርድ ወፍራም ካልሲ ይደረጋል፤ ኮምቦልቻ ሲደረስ ሙቀቱ እግር ያሳብጣል፣ ጫማው ግን አይሰፋም። ቀጭን ካልሲ አድርግና ብርዱን ከጫማው በላይ በሚለበስ ሽፋን ተከላከል።

ማሰሪያውን ደግሞ ጣት በኩል ያለውን ላላ፣ ቁርጭምጭሚት በኩል ያለውን ጠበቅ አድርግ። ክር ከሆነ ለጣት የቀረበውን የመጀመሪያ ቀዳዳ ዝለለው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የቆዳ ጫማ ከሆነ ጫማ ሰፊ ዘንድ የሚቆረቁረውን ቦታ በቅርጽ ማስወጠር ይቻላል፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ብዙም አይሰፋም፣ ካርቦን ሶል ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ለጠፍጣፋው እግርህ መሀል እግርን የሚደግፍ የውስጥ ሶል ትፈልጋለህ፣ ግን ከዝቅተኛው ጀምር። ከፍ ያለና ደረቅ ከሆነ መሀል እግርህን ይወጋሃል። የድሮውን አውጥተህ ተካው እንጂ አትደርበው፤ ከደረብከው ያው ጥበት ይመለሳል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ቀኙ ከግራው በ4 ሚሊ ቢሰፋስ? ደግሞ ከብስክሌት ወርጄ ኮብልስቶን ላይ ብዙ እሄዳለሁ።

መልስ (ከቧንቧ ውሃ)፦
ለትልቁ ግዛ፣ ትንሹን በስስ ሶል ሙላው። ኮብልስቶን ላይ የምትሄድ ከሆነ ግን ባለ ሁለት ቡሎን የተራራ ብስክሌት ጫማ ይሻልሃል። አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ሰፋ ያለ ነው፣ ክሊቱም ሶሉ ውስጥ ስለሚገባ አያንሸራትትም። ፔዳሉ መቀየር አለበት፤ ግራው የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ መሆኑን አትርሳ፣ ስንቱ የፔዳሉን ጥርስ የበላው በዚህ ነው። ከብስክሌት ከወረድክ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀህ ሐኪም ይየው።