የወል ግጦሹ ለወጣቶች ይከፋፈል ወይስ ይቆይ? (ክርክር ከጎጃም ገጠር)

አወያይ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጎጃም ገጠር የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሳይነሳ የማይቀር ጥያቄ ነው። የወል ግጦሹ ተቆርሶ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጥ ወይስ አይነካ? መጀመሪያ የራሴን ልበል፣ ከዚያ ሞግቱኝ።

ለእርሻ አይከፋፈል። ለመኖሪያ ቤትና ለሥራ የሚሆን ቦታ ግን ከመንገድ ዳር ተለክቶ ይሰጥ።

በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ነው። ያኔ ጡት ይጠባ የነበረ ልጅ አሁን ሠላሳ ሊሞላው ነው። በስሙ የተለካ መሬት የለውም። ያለው አማራጭ ከአባቱ ላይ መቁረስ ነው። የአባቱ ይዞታ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሄክታር አይሞላም። ሦስት ወንድማማቾች ሲካፈሉት ለአንዱም የዓመት ቀለብ አይወጣውም። ግጦሹን ብንጨምርበት ለዚህ ትውልድ ትንሽ ያስተነፍሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ከየት ሊቆርስ ነው? አንዴ የታረሰ ግጦሽ ተመልሶ ግጦሽ ሲሆን አላየሁም።

ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። የገጠር ልጅ መሬት ሲያጣ ጎጆ መውጣትም አብሮ ይቀርበታል። አግብቶ፣ ወልዶ፣ እናቱ ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍል ቀልሶ የሚኖር ስንት አለ። ቆርቆሮ መግዣ ቢያገኝ እንኳ ቤቱን የሚያቆምበት ቦታ የለውም። ከትንንሽ ከተሞች ዳር የጨረቃ ቤት የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ሲነጋ ይፈርሳል።

የደጀን ልጅ፦
አወያይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ባለመሬት የሆነ ሰው ክርክር ነው። እኔ የማርሰው በመጋዞ ነው። ዘሩ ከእኔ፣ ጉልበቱ ከእኔ። ማዳበሪያውን በግማሽ እንችላለን። ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ዝናብ ሲቀር ግን እዳው እኔ ላይ ይቀራል።

የወል ነው ይባላል። ግን ሣሩን የሚበላው ከብት ያለው ሰው ከብት ነው። እኔ ጊደር እንኳ የለኝም። ከወሉ ምን ደረሰኝ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ያ መብት የእኔ ዘመን ሲደርስ ተዘጋ ማለት ነው? አንድ ቃዳ፣ ሩብ ሄክታር ስጡኝ። ውሃ ካለበት ድንችና ሽንኩርት አምርቼ ራሴን እችላለሁ። ቤት ብቻ ብትሰጡኝ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምን ልብላ?

የቀድሞ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ብሶትህ ይገባኛል። ግን 1989ን በዓይኔ ስላየሁ ልናገር። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ጣሪያው ለአንድ ቤተሰብ 10 ሄክታር ነበር። በ1989 ወደ 3 ሄክታር ወረደ። «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» ለተባሉት ደግሞ 1 ሄክታር ብቻ ተተወላቸው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበረ ሰው ሁሉ ቢሮክራት ተባለ። ጎረቤት በጎረቤት ላይ እየመሰከረ ነበር መሬት የሚቆረሰው። በአንዳንድ ቤት ቂሙ ዛሬም አለ፣ በለቅሶ እንኳ የማይደራረሱ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ለዓመታት ማሳው ላይ እርከን መሥራት ፈራ። «ነገ ለሌላ ለሚሰጥ ምን አለፋኝ?» ይል ነበር። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር የመጣው ይህን ፍርሃት ለማብረድ ነው። አሁን ተመልሰን ሽግሽግ ብንል ደብተሩን የሚያምን አይኖርም።

ስለ ግጦሹም ልጨምር። ክረምት ማሳው ሁሉ በሰብል ይያዛል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በሬ የሚውልበት ሌላ ቦታ የለም። ግጦሹ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሸጠው በሬ ነው። በሬ ከሌለህ ደግሞ አንተም መጋዞ አታገኝም፣ ጥማድ ለሌለው ሰው ማን መሬቱን ይሰጣል?

የደጀን ልጅ፦
እውነት ነው ጋሼ፣ የማርስበት በሬ የአባቴ ነው። የሚውለውም ግጦሹ ላይ ነው። ግን አስሮ መቀለብ ይቻላል። የዲቃላ ላም ያላቸው ሰዎች እያጨዱ አይደል የሚቀልቡት? ከግማሹ ላይ ሣር ይታጨድ፣ ግማሹ ለእኛ ይሰጠን። ሁሉን አምጡ አላልንም።

ከአዊ፦
እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። መሬት አልባው ወጣት ያኔ ሥራ አገኘ። ችግኝ ያፈላል፣ ይቆርጣል፣ ያከስላል፣ ኬሻ ይሞላል፣ አይሱዙ ላይ ይጭናል። ከከተማ ተመልሶ የመጣም ነበር። አንድ ቃዳ ሳይጨመር ስንት ሰው እንጀራ በላ።

ከዚያ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገባበት። ቅጠሉ እየነደደ ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ብድር ወስዶ ችግኝ ያፈላ ልጅ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ እኔ የምለው ሥራ ከመሬት ውጭም ይገኛል፣ ግን በአንድ ነገር ላይ ብቻ የቆመ ሥራ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

እኅታችሁ ከፍኖተ ሰላም፦
ስለ «ወጣት» እያወራችሁ ነው፣ ግን የምትቆጥሩት ወንድ ብቻ ነው። አረንጓዴ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ልጅቷስ? ስታገባ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። የአባቷ መሬት ለወንድሞቿ ይቀራል። ትዳሩ ሲፈርስ ወንድሞቿን «መሬት አካፍሉኝ» ብላ መክሰስ ነውር ይሆንባታል። ስለዚህ ወደ ትንሽ ከተማ ትወርዳለች። ጎረቤቴ እንዲህ ናት። አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይታለች። በአንዱ ጥግ የጠላ ጋኗ፣ በሌላው ጥግ የሁለት ልጆቿ መኝታ አለ። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ቤት ትቀይራለች፣ ደንበኛዋን ትታ። እሷን «ምን ይሻልሻል?» ብትሏት እርሻ አትልም። «የራሴ ጣሪያ» ነው የምትለው። ጣሪያ ካላት ጠላዋንም ትሸጣለች፣ አንዱን ክፍልም ታከራያለች።

ሽግሽግ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው የመበለቶች መሬት ነው። ወንድ ስለሌላቸው በመጋዞ ይሰጣሉ። «አታርሺውም» ተብሎ ይወሰድባቸዋል። ይህን አስቡበት።

ከቡሬ፦
እኔ አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሠርቼ ተመልሻለሁ። ከደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አልፎ ለወላጅ የሚላክ ነገር አይተርፍም ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነበር የምናድረው። ሥራ አለ ተብለን ሄድን፣ ቤት ግን ማንም አላሰበበትም። ብዙ ልጆች የተመለሱት ሥራ ጠልተው አይደለም።

በ2013 የተመረቀው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐሳቡ ከዚህ ይሻል ነበር። በቆሎው እዚሁ ይመረታል፣ እዚሁ ይፈጫል። ምርት የሚሰበሰብባቸው የገጠር ሽግግር ማዕከላት በተለያዩ ከተሞች ይኖራሉ ተብሎም ታቅዶ ነበር። ልጁ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ መሥራት ይችል ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ግን ጦርነቱ ሁሉን አስቆመ። መንገድ ሲዘጋ እህሉም ሠራተኛውም አይንቀሳቀስም። ሰላም ሳይኖር ስለ ሥራ ማውራት ይከብዳል።

የደጀን ልጅ፦
አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ብዙ ስለምትወልዱ ነው» ይለናል። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን አንዲት ሴት በአማካይ 3.7 ልጅ ትወልዳለች ብሏል። ከአገሪቱ አማካይ ያነሰ ነው። እኛም ተወልደናል እንግዲህ። ዛሬ ወሊድ ቢቆም እንኳ የሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ቤትና ሥራ ፈላጊ አሁን በሕይወት ያለ ልጅ ነው።

አወያይ፦
ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ታዲያ ስንት ናቸው? የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ነው። ያኔ የክልሉ ሕዝብ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነበር፣ ከ10 ሰው 9 የሚጠጋው ገጠር ይኖር ነበር። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል፣ ግን እየተላለፈ እስከ ዛሬ አልተቆጠረም። በየቀበሌው ደብተር ያለው ሰው ተመዝግቧል። ደብተር የሌለው የት ነው የተጻፈው? ደረሰኝ የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ማኅደሩ የለም።

ለእርሻ አይከፋፈል የሚለው አቋሜ እንዳለ ነው። የእኅታችን ነገር ደግሞ ለቤት ቦታው የበለጠ አስረግጦኛል፣ ለወንዱም ለሴቷም በየስማቸው ይሰጥ። የደጀኑ ወንድማችን የጠየቀው የምግብ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ከመንገድ ዳር የሚለካው ቦታ ከቤት በተጨማሪ ወፍጮ፣ የዶሮ ቤት፣ የብረት ብየዳ፣ የእህል ማከማቻ የሚይዝ ይሁን። ታጭዶ የሚሸጥ ሣር ካለም ለወጣቶቹ ማኅበር ይሰጥ፣ ባለ ከብቱ ከእነሱ ይግዛ። ያኔ ከወሉ ለእነሱም ይደርሳቸዋል።

የደጀን ልጅ፦
የሣሩን ነገር እቀበላለሁ። የቀረውን ግን ማን ነው የሚወስነው? ስብሰባ ሲጠራ ድምፅ የሚሰጠው ባለይዞታ ነው። እኛ ከኋላ ቆመን እንሰማለን። አንዴ እጄን ሳወጣ «አንተ በማን ስም ነው የምትናገረው?» ተባልኩ። የአባቴን ስም ጠራሁ። እስቲ ጋሼ የመሬት አስተዳደሩ ይንገሩኝ፣ መሬት የሌለው ሰው ስለ ወል መሬት ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈቅድ መመሪያ አለ?

የቀድሞ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ፦
እኔ በሠራሁባቸው ቀበሌዎች ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርመው ደብተር ያለው ብቻ ነበር። የወጣት ተወካይ ይጠራ ነበር፣ ለመስማት። ይህ መለወጥ አለበት። ከቦታው ልኬት በፊት እሱን ነው መጠየቅ ያለባችሁ፣ በጽሑፍ፣ ሴቶቹንም አስፈርማችሁ። ማመልከቻውን አብሬያችሁ እጽፋለሁ።